ባቡሩ የሸሸው ዳገት፦ ከድሬዳዋ እስከ ባቢሌ በብስክሌት

የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር። በመሃል የተገተረው ተራራ መንገድ ስለነሳው ሐዲዱ ታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ጣቢያው በተተከለበት ቦታ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ያኔ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ይህ ማስታወሻ ባቡሩ የሸሸውን ያንን ዳገት በብስክሌት ወጥቶ፣ በአዴሌና በሐረማያ ሐይቆች አልፎ፣ ሐረር ሰንብቶ፣ ባቢሌ ወርዶ ወደ ድሬ ለሚመለስ ሰው የተዘጋጀ ነው። ስድስት ቀን ይወስዳል፤ አንዱ ቀን እረፍት ነው።

ርቀቱ ሲደመር 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ቁጥሩን ያየ ብርቱ ብስክሌተኛ «የሁለት ቀን መንገድ» ይለዋል፤ አብዛኛው ችግርም የሚጀምረው ከዚህ ግምት ነው። እዚህ አገር ላይ ቀኑን የሚወስነው ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደሚወጣና በስንት ሰዓት የት እንደሚደረስ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። በድሬ ሙቀት ተነስቶ በሐረማያ ብርድ ማደር ስለሆነ ልብሱም፣ ውኃውም፣ የጎማው አየርም በሁለቱ አገር ልክ መታሰብ አለበት።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ፣ ግንቦትና ሰኔ የድሬ ሙቀት ለዳገት አይሆንም፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ መንገዱ ዳር ጭቃና ጎርፍ ነው። ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ግን ተውት። ቁልቢ ገብርኤል የሚነግሠው ታኅሣሥ 19 ስለሆነ ከድሬ እስከ ደንገጎ፣ ከደንገጎም ወደ ቁልቢ ያለው መንገድ በእግረኛ ተሳላሚና በመኪና ይሞላል፤ ለብስክሌት የሚተርፍ ቦታ የለም። ረመዳን ላይ ከገጠማችሁም ቀን ቀን በመንገድ ዳር ምግብ ቤት እንደማታገኙ ቆጥራችሁ ስንቅ ያዙ፤ ደግሞም ጾመኛ ፊት ቆሞ አለመብላት ነው።

ከመነሳት ሁለት ቀን በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ማርሹ ደንገጎን ይወጣል ወይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የፊቱን ትንሹን ማርሽ ጥርስ ቁጠሩና በኋላው ትልቁ ማርሽ ጥርስ አካፍሉት፤ ውጤቱን በጎማው ዙሪያ ልክ አባዙት። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.07 ሜትር ያህል ይሄዳል። የፊቱ 24፣ የኋላው 28 ጥርስ ከሆነ በአንድ የፔዳል ዙር 1.77 ሜትር ትሄዳላችሁ። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። የፊቱ 22፣ የኋላው 32 ከሆነ ደግሞ 1.42 ሜትር፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። ጭነት ለያዘ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል። ቀስ ይላል፣ ግን ጉልበት አይሰብርም። ማርሽ የሌለው ፊኒክስ በአንድ ዙር ወደ 5 ሜትር ስለሚሄድ ከነጭነቱ ዳገቱን መግፋት እንጂ መንዳት አይሆንም። ለሰፈርና ለሜዳ የሚወዳደረው የለም፤ ለዚህ ጉዞ ግን ሌላ ፈልጉ።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ። በማስመሪያ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 ማያያዣ ቁጠሩና ለኩ። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 30.7 ከደረሰ ተለጥጧልና ለውጡት። የተለጠጠ ሰንሰለት ሜዳ ላይ ምንም አይመስልም፤ ዳገት ላይ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ግን ከጥርሱ ይዘላል፣ ጉልበትም ከመሪው ጋር ይጋጫል። አሮጌ ጥርስ ላይ የገባ አዲስ ሰንሰለትም ሊዘል ስለሚችል የምትለውጡት በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ነው። ከዚያ እዚያው ድሬ ውስጥ በከባዱ ማርሽ ቆማችሁ እየረገጣችሁ ሞክሩት።

ጎማ ላይ ሁለት ምክር አለ። አንደኛ፣ በድሬና በሐረር ሱቆች በቀላሉ የሚገኘው ባለ 26 ኢንች ስለሆነ በሱ መሄድ ይሻላል። በቀጭኑ የውድድር ጎማ የምትሄዱ ከሆነ መለዋወጫውን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ሁለተኛ፣ የውስጥ ጎማው ቫልቭ የመኪናው ዓይነት ወፍራሙ ይሁን። ያኔ መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ ቫልቭ ከሆነ የጎሚስታው መንፊያ አይገጥምለትም፤ ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ይዛችሁ ካልሆነ በእጅ መንፊያ ብቻ ልትቀሩ ነው። ለ65 ኪሎ ሰውና ለ15 ኪሎ ጭነት፣ ስፋቱ 1.95 የሆነ ጎማ ከኋላ 50፣ ከፊት 42 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ጎሚስታው ለመኪና የለመደ እጅ ስላለው «ትንሽ፣ ትንሽ» እያላችሁ አብራችሁ ቁሙ፤ የብስክሌት ጎማ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሞልቶ ይፈነዳል።

የኋላውን ቸርኬ ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጓቸው። ከሌሎቹ የላላ ካለ አሁኑኑ ይጥበቅ። ጭነት ሲኖር የሚበጠሰው በአብዛኛው በሰንሰለቱ በኩል ያለው የኋላ ሽቦ ነው። በዚያ ወገን ሽቦው ይበልጥ የተወጠረ ነው፤ ሲበጠስም ለመተካት የጥርሱን ስብስብ መፍታት ያስፈልጋል። መፍቻው በየመንገዱ ስለማይገኝ ያዙት፤ ትንሽ ዕቃ ነው።

ከመሣሪያ የሚያዘው ይህ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 8፣ 10 እና 15 ቁጥር ቁልፍ፣ 4፣ 5 እና 6 ቁጥር ብሩጎላ፣ የሰንሰለት መፍቻና ትርፍ ማያያዣ፣ የሽቦ ማጥበቂያ፣ ሦስት ትርፍ ሽቦ በልኩ፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ቢያንስ አሥር ማጣበቂያ ከነሙጫው፣ አንድ የፍሬን ካቦና አንድ የማርሽ ካቦ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ ትንሽ ዘይት፣ ያረጀ ጨርቅ። ሙጫው የተከፈተ ከሆነ በድሬ ሙቀት ይደርቃልና ያልተከፈተ ይሁን።

ጭነት ከ15 ኪሎ አይለፍ። ከባዱ ነገር ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ ወደ ታች ይውረድ፤ መሪው ላይ ከ3 ኪሎ በላይ ከተንጠለጠለ ቁልቁለት ላይ መሪው መወዛወዝ ይጀምራል። የኮርቻውን ከፍታ ለማስተካከል ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግር ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ዝቅ ያለ ኮርቻ ለሦስት ሰዓት ዳገት ጉልበት ይጨርሳል።

ጥገና የሚያስፈልግ ከሆነ ጠዋት ውሰዱት። በድሬም በሐረርም ከምሳ በኋላ በርጫ ሰዓት ነው፤ ባለሙያው ቢገኝም ሥራው ይጎተታል፣ ብዙ ሱቅም ተዘግቶ ቆይቶ ወደ 10 ሰዓት ነው የሚከፈተው።

አንደኛ ቀን፦ ድሬዳዋ – ደንገጎ – ሐረማያ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል

ጎህ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብስክሌቱ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ቁርስ ከዚያ በፊት ነው፤ ዳቦና ሻይ ብቻ አይበቃም። ፉል በዳቦ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልሆነ ማታ የተዘጋጀ ነገር ይበላ። ሐረርጌ የሐልዋ አገር ነውና 300 ግራም ያህል ከቴምርና ከኦቾሎኒ ጋር ኪስ ውስጥ ይግባ። ዳገት ላይ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጉርሻ ከአንድ ትልቅ ምግብ ይሻላል።

ውኃ በሰው 4 ሊትር። ዳገቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል፣ በሰዓት ከሦስት ሩብ እስከ አንድ ሊትር ላብ ይወጣል። አንዱ ሊትር ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልሙጥ ተደርጎ፣ ይበጥበጥ። ጨዉን በግምት አትጨምሩ፤ ከበዛ ማስታወክ ያመጣል። ንጹሕ ውኃ ብቻ እየጠጣ የሚወጣ ሰው ላቡ ጨዉን ስለሚወስደው ደንገጎ ሲደርስ ራሱን ያመዋል፣ ባቱ ይጨብጠዋል።

ከከተማው ወጥቶ ጥቂት እንደተሄደ መንገዱ ወደ ተራራው ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደንገጎ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ ዳገት ነው ማለት ይቻላል። ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል፤ አማካዩ በ100 ሜትር መንገድ 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥምዝምዙ ላይ ግን ከዚያ ይብሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ እግር ትኩስ ነው፣ በመካከለኛው ማርሽ ይሮጣል። ትንሹን ማርሽ ከመጀመሪያው ያዙ። እየነዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

የተራራው ፊት ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ በደቡብ አጋድላ ስለምትሄድ፣ በማለዳ አንዳንዱ ጥምዝ ጥላ ያገኛል። ይህ ጥላ እስከ 3 ሰዓት ግድም ነው የሚጠቅመው። በ4 ሰዓት የሚነሳ ሰው ያንኑ ዳገት የሚወጣው በሌላ አየር ነው፤ አስፋልቱ ራሱ ሙቀት ይመልሳል።

መኪና በተመለከተ፣ ቁልቁል የሚመጣው ከባድ መኪና ጥምዙን ሰፋ አድርጎ ይወስዳል። ቀኝ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ መሄድ ደህና ይመስላል፣ ግን አስፋልቱ ከአፈሩ ከፍ ያለበት ቦታ ጎማው ከጠርዙ ከወረደ መልሶ ማውጣት ይጥላል። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ መንዳት ይሻላል። ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን አትሂዱ። እረፍት የሚወሰደው ጥምዙ ላይ ሳይሆን ከሁለት ወገን በሚታይ ቀጥ ያለ ቦታ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ነው። ሲወጣ ግን መሬቱን ማየት ነው። የግራር እሾህና ኩርንችት ያለው ዳር ላይ ነው፤ የፈነዳ የመኪና ጎማ ስስ ሽቦም እንዲሁ።

ጎማ ከተበሳ ውስጡን አውጥቶ ከመለጠፍ በፊት የውጩን ጎማ ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉት። ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ እሾህ አለ። ይህን ሳያደርጉ አዲስ የውስጥ ጎማ የሚያስገቡ ሰዎች አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ይደግማቸዋል። ጥፍር የማይዘው እሾህ ካለ በፒንሳ ከውስጥ በኩል ሳቡት።

ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ካሉ ምግብ አታሳዩ፣ ቆማችሁም አትብሉ። ከመኪና መስኮት የሚወረወርላቸውን ስለለመዱ ሰው አይፈሩም።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ቁልቢና ወደ አዲስ አበባ፣ ግራው ወደ ሐረር። እዚህ መጀመሪያ የሚደረገው የራሰውን ልብስ መለወጥ ነው። በ1,000 ሜትር ከፍታ አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ነፋስም አለ፤ በላብ የራሰ ሸሚዝ ለብሶ ሻይ ሲጠጣ የተቀመጠ ሰው ማታ ጉንፋን ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ማየት ነው። ድሬ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ፣ ከሷ ባሻገር ደግሞ ቆላው እስከ አድማስ ይታያል። ጭጋግ ወይም አቧራ የሌለበት ጠዋት ከሆነ እዚህ ግማሽ ሰዓት መስጠት ያዋጣል።

ከደንገጎ በኋላ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ገባ የሚል ደጋ ነው። ግራና ቀኙ ጫትና ማሽላ ነው፣ መንደሩ የተጠጋጋ ነው። አዴሌ ሐይቅን ታልፋላችሁ። በየመንደሩ ሕፃናት ሮጠው ይከተላሉ፤ ከነሱ በፊት ቀድሞ ሰላም ያለ ብስክሌተኛ ብዙውን ጊዜ ሰላም ያልፋል፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው ነው የሚጮህበት። ጥቂት ቃል ማወቅ ይረዳል፤ ውኃ በኦሮምኛ «ቢሻን» ነው፣ በሶማሊኛ «ቢዮ»። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሐረማያ ተገብቶ፣ ማደሪያ ተይዞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወፍራም ልብስ መውጣት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሐረማያ ውርጭ የሚጥልባቸው ሌሊቶች አሏት። ድንኳን የሚተክል ሰው ለድሬ አየር የሚሆን አንሶላ ይዞ ከመጣ እንቅልፍ አያገኝም።

ሁለተኛ ቀን፦ የሐረማያ ሐይቅ፣ ከዚያ ሐረር፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ያነሰ

ይህ ቀን በርቀት አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ጠዋቱ ለሐይቁ ነው።

ሐረማያ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ጀልባ የሚሄድበት ቦታ ከብት ዋለበት። አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም። በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት መስኖ በፓምፕ ይስብ ነበር፣ የሐረር የመጠጥ ውኃም ለብዙ ዓመት ከዚሁ ይሄድ ነበር፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ደግሞ ወለሉን እየሞላ ሐይቁን አሳነሰው። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ውኃው ተመልሷል። ይህን ለማየት ብቻ እንኳ ዳገቱን መውጣት ይገባል፤ ሞተ የተባለ ሐይቅ ዳር ወፍ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ለብስክሌተኛ ግን ታሪኩ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ዳርቻው የደለል አፈር ነው። ሲደርቅ የተሰነጠቀ ሸክላ ይመስላል፣ ላዩ ጠንካራ ሆኖ ሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ሰውና ከብት በረገጡት መንገድ ብቻ ሂዱ። ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል ከገባ በጥቂት ሜትር ውስጥ ቸርኬው መዞር ያቆማል። ያኔ በጉልበት መግፋት የማርሽ መለወጫውን ያጣምማል። አቁሙ፣ በእንጨት ጫሩት፣ ከዚያ ተሸክማችሁ ውጡ። ጭቃው ከደረቀ በኋላ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ ዘይት ስጡት፤ ጭቃ ላይ ዘይት ማፍሰስ ግን የሚያሳልጥ ሳይሆን የሚሞርድ ነገር መሥራት ነው። ውኃውን ደግሞ ጥሩ ቢመስልም ሳይፈላ አትጠጡት፤ ከእርሻው የሚታጠበው ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው።

ወደ ሐረር መነሻው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢሆን ነው የሚሻለው። ምክንያቱ አወዳይ ነች። አወዳይ የጫት ገበያ ናት፤ የገበያው ግርግር ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌሊቱን ይቀጥላል። ጫት ዋጋው በትኩስነቱ ስለሆነ የጫነው አይሱዙ ሾፌር ከሰዓት ጋር ነው የሚሽቀዳደመው። አይሱዙው «አልቃይዳ» የሚለው ቅጽል ስም ዝም ብሎ አልወጣለትም። አወዳይ ውስጥ መንገዱ በሰው፣ በባጃጅ፣ በጫኝና አውራጅ ስለሚሞላ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት አሳፋሪ አይደለም። ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ ረጅም ጥሩንባ ካሰማ መንገዱን ትቶ መውጣት ነው፤ መብት የሚከራከሩበት ቦታ አይደለም። ከጨለመ በኋላ በዚህ መንገድ አለመንዳት ደግሞ ቁርጥ ያለ ሕግ ይሁን።

ከአወዳይ እስከ ሐረር ያለው ቀሪ መንገድ ቀላል ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ ሐረር፣ እረፍት

ጠዋቱን ለብስክሌቱ ስጡት። ሰንሰለቱን እጠቡ፣ የመጫኛውን ብሎኖች አጥብቁ (ከዳገቱ መንቀጥቀጥ በኋላ ከአራቱ አንዱ ይላላል)፣ ቸርኬውን እያዞራችሁ ከፍሬን ጎማው ጋር የሚነካካበት ቦታ ካለ ተመልከቱ።

ጀጎል ውስጥ በብስክሌት መግባት ይቻላል፣ ግን አይመከርም። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ቁልቁለቱ ድንገት ነው፣ በየጥምዙ ሕፃንና እሸት የተሸከመች ሴት አለች። በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት የእግር ሥራ ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚገባበት የሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። የልብስ ሰፊዎቹን ሰፈር መኪና ግርግርን እንዳታልፉት፤ ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፣ የተቀደደ የብስክሌት ሻንጣም እዚያ በደቂቃዎች ይሰፋል። ለከባድ ሸራ «ድርብ ክር» ብላችሁ ንገሯቸው።

ማታ ጅብ ሲቀለብ የሚያይ ሰው በእግር ወይም በባጃጅ ይሂድ።

አራተኛ ቀን፦ ሐረር – ባቢሌ፣ 30 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ

ከመነሳት በፊት በነበረው ከሰዓት መናኸሪያ ሄዶ የጅግጅጋ ሾፌሮችን መንገዱ ሰላም መሆኑን መጠየቅ ግዴታ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ትንሽ ነገር አለ» ካሉ ያ ቀን ሐረር ይዋላል።

መንገዱ ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ባቢሌ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ጠዋት ቁልቁል ስለሆነ 12 ሰዓት መነሳት አያስፈልግም ብሎ ይተኛል፤ ኤረር ሸለቆ ሲደርስ ፀሐይ ጣራ ላይ ናት፣ ዳገቱ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው። ሸለቆው ቆላ ነው፤ እሾሁም ሙቀቱም የድሬ ዓይነት ነው። 12 ሰዓት ተነሱ፣ ከ4 ሰዓት በፊት ባቢሌ ግቡ። ውኃ 3 ሊትር።

ግመል መንጋ ሲያጋጥም ከኋላ በዝምታ አትምጡ። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ግመሉ ድንገት ሲያየው ይደነብራል፣ ወደየት እንደሚዞርም አይታወቅም። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ እረኛው እስኪሰበስብ ጠብቁ። በባቢሌ የግመል ገበያ ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ በእነዚህ ቀናት መንጋው ይበዛል፤ ገበያውን ለማየት ከሆነ ግን ጉዞውን በዚያው ቀን ማስገጠም ያዋጣል።

ባቢሌ ኦቾሎኒ እዚያው ይገዛ። ሁለት ኪሎ ለመልሱ መንገድ ስንቅ ነው፤ ቅባቱና ጨዉ ለብስክሌተኛ እንደ ታዘዘ መድኃኒት ነው። የዝሆን መጠለያው በ1970 እ.ኤ.አ. የተከለለ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነው። በብስክሌት ብቻውን የሚገባበት አይደለም፤ ዝሆን ሰው በሚበዛበት አካባቢ ሲኖር ቁጡ ነው፣ ያለ ጠባቂ መግባትም አይገባም።

አምስተኛ ቀን፦ ዳካታ በማለዳ፣ ከዚያ ወደ ሐረር

ጭነቱን ባቢሌ ትታችሁ ባዶውን ብስክሌት ይዛችሁ በ12 ሰዓት ወደ ጅግጅጋ አቅጣጫ ሂዱ። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ የዳካታ ሸለቆ አለቶች ይጀምራሉ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው፣ ሊወድቁ ያዘነበሉ መስለው የቆሙ የግራናይት ድንጋዮች ናቸው። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የሆነው ግን አለቱ በስንጥቁ በኩል ውኃና ሙቀት እየበላው የለሰለሰው ክፍል ታጥቦ ሄዶ ጠንካራው መሃል ብቻ መቅረቱ ነው። የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመታቸው ነው የሚያምሩት፤ ለዚህም ማለዳውን መስጠት ይገባቸዋል። ድንጋዮቹ ላይ መውጣት አያስፈልግም፣ ከጥላቸው እባብ ሊኖር ስለሚችልም እጅ ሳያዩ አይገባ።

መልሱ ከባድ ነው፤ ከኤረር ወደ ሐረር የሚያስወጣው ዳገት የሚገኘው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ባቢሌ ላይ እስከ 9 ሰዓት ማረፍ ነው፤ ግን ያኔ የጫት መኪናው ሰዓት ይመጣል፣ ሳይጨልም መግባትም ያሳስባል። ሌላው ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መመለስ ነው። ሁለተኛው ይሻላል። ሲጫን ግን ራሳችሁ ውጡና እሰሩት፤ የማርሽ መለወጫው ያለበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፣ ገመዱ በክፈፉ እንጂ በቸርኬው ሽቦ አይታሰር፣ ሰንሰለቱም በትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ይቀመጥ። ያኔ መለወጫው ወደ ውጭ ብዙ አይወጣም፣ የሚያጎብጠውም ነገር አይነካውም።

ስድስተኛ ቀን፦ ሐረር – ደንገጎ – ድሬዳዋ፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል

ቁልቢን ለመሳለም ወይም የቁልቢን ከፍታ ለማየት የሚፈልግ ሰው ደንገጎ ላይ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ደርሶ መልሱ አንድ ሙሉ ቀን ይጨምራል፣ መንገዱም ከደንገጎ በላይ ገና ይወጣል። በቂ ጉልበት ከሌለ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ደንገጎ ላይ ከመውረድ በፊት አሥር ደቂቃ ለፍሬን ስጡ። የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተው ከሆነ እዚያው ለውጡ። ካቦው ጫፉ ላይ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ሌላውም ይከተላል፤ ለውጡት። መያዣውን በሙሉ ኃይል ስትጨምቁት መሪውን የሚነካ ከሆነ ካቦው ላልቷል።

ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ? ሰውና ብስክሌት ከነጭነቱ 95 ኪሎ ቢሆን፣ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ከ20 ዲግሪ ጀምሮ ለማፍላት ይበቃል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል። ቀሪው የሚገባው ፍሬኑና ቸርኬው ውስጥ ነው። ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ሳይለቅ እየጎተተ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያለማቋረጥ ያሞቀዋል፣ የውስጥ ጎማው አየር ይነፋል፣ ማጣበቂያው ሙጫ ይለቅቃል፣ ጎማው ቁልቁል ላይ ይፈነዳል። ትክክለኛው አያያዝ ከጥምዙ በፊት ጠንከር አድርጎ አጭር መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። የፊቱ ዋናውን ሥራ ይሥራ፣ የኋላው ይርዳ፤ አሸዋ ወይም ጠጠር ያለበት ላይ ግን የፊቱን መልቀቅ ነው። በየአራትና አምስት ኪሎ ሜትሩ ቆማችሁ ቸርኬው ላይ የውኃ ጠብታ ጣል አድርጉ። ጢስ ካለ ወይም ከጮኸ ሩብ ሰዓት ይረፍ። ውኃ አፍስሶ ማቀዝቀዝ ግን አይሆንም።

በመንገድ ላይ ሽቦ ከተበጠሰ የተበጠሰውን አጠገቡ ባለው ላይ ጠምጥሙት፣ ቸርኬው ከተጣመመ ከተቃራኒው ወገን የሚመጡትን ሁለት ጎረቤት ሽቦዎች ግማሽ ዙር አላሉ፣ ፍሬኑን ሰፋ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቸርኬው ፍሬኑን ሳይነካ መዞር ካልቻለ መኪና ላይ መጫን ነው።

ከታች ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ድሬ ስትገቡ ወደ ደቻቱ ወንዝ ስትደርሱ ተራራውን ዞር ብላችሁ እዩ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ብስክሌትም እየገፋ ማሳጠር ይፈልጋል። ነገር ግን ውኃው የሚመጣው ከዚያው አሁን ከወረዳችሁበት ደጋ ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይዘንብ ላይ ደንገጎ በኩል የጣለው ዝናብ በድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በዚሁ በኩል ነው። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ካለ፣ ሰማዩ እናንተ ጋ ቢጠራም፣ በድልድዩ ተሻገሩ።